የግራው ጓዳ ትንሽ ሰፋ ያለ ነው

(ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ለወላጆችና ለጤና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ኬሬ! እንደምን አረፈዳችሁ? ከኋላ ያላችሁስ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ተሰማኝ።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ተማሪዎቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ገበያውንም ለቅሶውንም ትታችሁ ስለ አንጎል ለመስማት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ፊት ለፊቴ ያለውን ጠረጴዛ ታያላችሁ። ሁለት ትሪ አለ፤ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። መጨረሻ ላይ አብረን እንገልጠዋለን። ልጆች፣ እስከዚያው እንዳትነኩት፤ እሺ?

እኔ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ። ሥራዬ ከፊል ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው ፊልም ማንበብ ነው። በሽተኛው እኔን አያየኝም፤ እኔም ብዙ ጊዜ በሽተኛውን አላየውም። በመካከላችን ያለው አንድ ወረቀት ነው። ዛሬ የቆምኩት በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከይርጋለም በኩል መጡ። ትልቁን የፊልም ፖስታ በነጠላ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል፤ ልክ ሕፃን እንደሚታቀፍ። የስምንት ዓመት ልጃቸው ከጎናቸው ቆሟል፤ ጭንቅላቱ በሻሽ ታስሯል። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ነበር። ያኔ ሲቲ ስካን ተነሣ፤ ደም የለም፣ ስብራት የለም። ነገር ግን ሪፖርቱ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ «የግራው ቬንትሪክል ከቀኙ ትንሽ ሰፋ ያለ ነው።» ይህችን መስመር የሆነ ሰው አነበበላቸውና «የልጅዎ አንጎል በአንድ በኩል ተከፍቷል» አላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ትምህርት ቤት አልሄደም። ኳስ አልነካም። ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ ሻሽ ታስሮለት ቤት ተቀመጠ። እናትየው ያለቻቸውን አንዲት ላም ሸጠው ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲዞሩ ከረሙ።

ፊልሙን አውጥቼ መብራቱ ላይ ሰቀልኩት። ልጁ ጤነኛ ነው። ደግሜ አየሁት፤ ፍጹም ጤነኛ ነው። ከዚያ ሪፖርቱን አንሥቼ ግርጌው ላይ ያለውን ፊርማ አየሁ። ፊርማው የእኔ ነበር።

ያቺን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ውሸት አልጻፍኩም፤ የግራው በእርግጥ ሰፋ ይል ነበር። ያልጻፍኩት ቀጥሎ መምጣት የነበረበትን ነው፦ «ይህ በጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ልዩነት ነው፤ አያሳስብም።» አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀረች፤ በዚያች ሰበብ ላም ተሸጠች፣ ልጅ ከትምህርት ቀረ።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ቬንትሪክል የሚባሉት የአንጎል ጓዳዎች ምንድን ናቸው? ሁለተኛ፣ ጤነኛ ሆነው ከሰው ሰው የሚለያዩት እንዴት ነው? ሦስተኛ፣ እውነተኛው ችግር ሲመጣ በምን ይታወቃል? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የመጣሁበት እሱ ነውና።

አንደኛው። አንጎል ድፍን አይደለም። ውስጡ እርስ በርስ የተገናኙ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው አራት ክፍሎች አሉ። በሕክምናው ቬንትሪክል ይባላሉ፤ እኔ ዛሬ ጓዳ እላቸዋለሁ። ሁለቱ ትልልቆቹ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ የአንጎል ግማሽ ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው መሐል ላይ ነው፤ በሁለት ግድግዳ መካከል እንዳለ ጠባብ መተላለፊያ። አራተኛው ከኋላና ከታች፣ በአንጎል ግንድና በንዑስ አንጎል መካከል ይገኛል።

የሁለቱ ትልልቆቹ ቅርጽ ግን በቃል ብቻ አይገባም። ለተማሪዎቼ ዓመታት በሰሌዳ ላይ ሣልኩ፤ አልገባቸውም። ስለዚህ አንድ ቀን ሥጋ ቤት ሄጄ ሁለት የበሬ ጭንቅላት ገዛሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ «ዶክተር፣ ምን ሊያደርጉበት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ከገጠር የመጡ፣ ሲያርሱ የኖሩ በሬዎች መሆናቸውን አጫወተኝና በጥንቃቄ ፈልጦ አንጎላቸውን ሳይጎዳ አወጣልኝ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ከ500 ዓመት በፊት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ፣ የጣሊያኑ ሠዓሊ፣ የቀለጠ ሰም በበሬ አንጎል ጓዳዎች ውስጥ አፍስሶ ቅርጻቸውን አውጥቷል። እኛም አንጎሎቹን ፎርማሊን በሚባል ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ አቆይተን ሻማ አቀለጥንና በመጀመሪያው ላይ በሲሪንጅ ከአራተኛው ጓዳ በኩል ገፋነው። አልገባም! ለምን? ውስጡ የነበረው አየር መውጫ አጣ። ሊዮናርዶ ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ የአየር መውጫ ቀዳዳ ያበጅ ነበር። በሁለተኛው አንጎል ከፊት በኩል ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በሳንና ሰሙን እንደገና ገፋነው። ሰሙ በቀዳዳዎቹ ብቅ ሲል ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሲቀዘቅዝ አንጎሉን በማንኪያ ጠርዝ ቀስ እያልን ፋቅነው። ነጭ ሰም ወጣ፤ መሐል ላይ የተያያዙ ሁለት የተጠማዘዙ የበግ ቀንዶች።

ለዚህ ነው በሰው አንጎል ላይም የጓዳዎቹ ክፍሎች «ቀንድ» የሚባሉት። የፊት ቀንድ አለ፣ በጆሮ በኩል ወደ ታች የሚታጠፍ የታች ቀንድ አለ፣ ወደ ማጅራት የሚዘረጋ የኋላ ቀንድ አለ። በሬው የኋላ ቀንድ የለውም፤ እኛ ግን አለን። ይህን የኋላ ቀንድ በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«በልባችሁ ያዙ» አልኩ አይደል? በእኛ ቋንቋ የሐሳብ መኖሪያ ልብ ነው። ልብ በል እንላለን፣ ልበ ብርሃን እንላለን። ጥንት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሶርያዋ ኤሜሳ ጳጳስ ኔሜሲዮስ ደግሞ ሐሳብን በእነዚህ ጓዳዎች ውስጥ አስቀምጦት ነበር፤ ከፊት ያሉት ስሜትና ምናብ፣ የመሐሉ ማመዛዘን፣ የኋላው ትዝታ። ከሺህ ዓመት በላይ ሰዎች ይህን ሲማሩ ኖሩ። ዛሬ የምናውቀው፣ ሐሳብ ያለው በጓዳው ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሥጋ መሆኑን ነው። ጓዳው ውስጥ ያለው ውሃ ነው።

ውሃው እንዴት ያለ ውሃ ነው? ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው። ማጅራት ገትር ሲጠረጠር ከጀርባ በመርፌ የሚቀዳው ይኸው ነው። «ከጀርባ ውሃ ከተቀዳ ልጁ ሽባ ይሆናል» ስትባሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች ነውና አትፍሩ። ጓዳዎቹ ውስጥ ኮሮይድ ፕሌክሰስ የሚባል፣ እንደ ተንጨበረረ ቀይ ፈትል ያለ ነገር አለ። ውሃውን በዋናነት የሚሠራው እሱ ነው፤ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል። አንድ ትንሽ የታሸገ ውሃ ማለት ነው! በአንድ ጊዜ ግን በአዋቂ ሰው አንጎልና ጀርባ ዙሪያ ያለው ሁሉ ተደምሮ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሲኒ ቡና። ጓዳዎቹ ውስጥ ያለው ደግሞ 25 ሚሊ ሊትር ገደማ፤ ግማሽ ሲኒ አይሞላም። ስለዚህ ውሃው በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ይታደሳል። ጥቅሙስ? 1400 ግራም የሚመዝነው አንጎላችን በዚህ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ክብደቱ ወደ 50 ግራም ይወርዳል። ውሃው ባይኖር አንጎል በገዛ ክብደቱ ይጨፈለቅ ነበር።

መንገዱን ተከተሉኝ። ከሁለቱ ትልልቅ ጓዳዎች በ18ኛው መቶ ዘመን ኤድንብራ ያስተምር በነበረው በአሌክሳንደር ሞንሮ ስም በሚጠሩት ቀዳዳዎች ወደ ሦስተኛው ይገባል። ከዚያ አንድ ቦይ አለ፤ ርዝመቱ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ከክብሪት እንጨት አይበልጥም። በዚያች ቀጭን ቦይ አልፎ አራተኛው ጓዳ ይደርሳል። ከአራተኛው በሦስት ቀዳዳዎች ወጥቶ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ከውጭ ያጥባል፤ በአብዛኛው ወደ ደም ሥር የሚመለሰውም በአናት በኩል ነው።

እኛ የሐዋሳ ሰዎች ይህን ለመረዳት የታደልን ነን። ሐይቃችን ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን አይታይም። ታዲያ ለምን አይሞላም? ፀሐይ ይወስደዋል፣ ምድር ይጠጣዋል። የገባውና የሄደው ሲመጣጠን ከፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ንፋስ እንቀበላለን። ሳይመጣጠን ሲቀር ምን እንደሚሆን ዳር ዳሩ የኖራችሁ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የአንጎል ውሃም እንዲሁ ነው። ጥያቄው «ጓዳው ትልቅ ነው ወይ?» አይደለም። ጥያቄው «የገባው እየወጣ ነው ወይ?» ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው። ያን የበሬ ሰም ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጠው አንዷ ተማሪዬ ጎንበስ ብላ አየችና «ዶክተር፣ አንዱ ቀንድ ከሌላው ይበልጣል» አለችኝ። በክር ለካነው። እውነቷን ነበር። ያ በሬ ዕድሜውን ሙሉ ቀንበር ተሸክሞ ሲያርስ የኖረው በእኩያ ባልሆኑ ጓዳዎች ነው።

በሰውም እንዲሁ ነው። ከ100 ጤነኛ ሰዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ የሁለቱ ትልልቅ ጓዳዎች መጠን በዓይን የሚለይ ልዩነት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፋው የግራው ነው። ጫማ ስትገዙ አንዱ እግር ላይ ጠበቅ አላለባችሁም? ጫማ ሻጩ «እግርዎ ታሟል» አላችሁ?

ከሁሉ በላይ የሚለያየው ያ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኩት የኋላ ቀንድ ነው። በአንዱ ሰው ረዥም ነው፣ በሌላው አጭር፤ በአንዱ በቀኝ ኖሮ በግራ የለም። አንዳንዱ ሰው ሁለቱም የለውም፤ ሳያውቀው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጅ ድሮ ይኖራል።

ሌላው። በሁለቱ የፊት ቀንዶች መካከል ስስ ግድግዳ አለ፤ ሁለት ሽፋን ነው። ፅንስ ሳለን በሁላችንም ላይ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ክፍተት አለ። ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት እየተጣበቀ ይሄድና በብዙዎች ላይ ከተወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ይዘጋል። በአንዳንዶች ግን ሳይዘጋ ይቀራል። ድሮ «አምስተኛው ቬንትሪክል» ይሉት ነበር፤ ትክክል አይደለም፣ የውሃው መንገድ አካል አይደለምና። ይህን ለምን በፍቅር እንደምናገር ታውቃላችሁ? እየሠለጠንኩ ሳለሁ ኤምአርአይ ለመለማመድ ጤነኛ ሰው ተፈለገና እኔ ገባሁ። ስወጣ ጓደኞቼ ማያው ፊት ተሰብስበው ዝም ብለዋል። ያ ክፍተት የእኔ አንጎል ውስጥ ነበር። ለአንድ አፍታ ጉልበቴ ራደ፤ መጽሐፉን በቃሌ የማውቀው ሰው! እኔ እንዲህ ከሆንኩ ያቺ የይርጋለም እናት ምን ይሁኑ?

ስለዚሁ ክፍተት አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎች አዳምጡኝ። አዋቂ ላይ ሲታይ ሰው ይደነግጣል። ፅንስ ላይ ግን የሚያስደነግጠው ሲጠፋ ነው! ከ18ኛው እስከ 37ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ የሚያነሣ ባለሙያ ይህን ክፍተት ይፈልገዋል፤ ካጣው የአንጎሉ መሐል በትክክል አልተሠራ ይሆናል ብሎ ምርመራውን ይቀጥላል። አንዱ ነገር በአንዱ ዕድሜ የጤና ምልክት፣ በሌላው ዕድሜ የጥያቄ ምልክት። ዕድሜውን ሳትጠይቁ ፊልም አታንብቡ።

ሦስተኛው ጓዳ መሐል ላይ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚሻገር ትንሽ ድልድይ አለ። ከ5 ሰው አንዱ ያህል ይህ ድልድይ የለውም፤ ምንም አይጎድልበትም። አዋቂ ሰው ሲቲ ስካን ሲነሣ ደግሞ ኮሮይድ ፕሌክሰሱ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ይታያል፤ ካልሲየም ነው፣ እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር ይመጣል። «አንጎሌ ውስጥ ጠጠር አለ» እያሉ የሚጨነቁ አባቶች አጋጥመውኛል። አባቶቼ፣ ጠጠር አይደለም።

ዕድሜ ራሱ ጓዳውን ያሰፋል። አንጎል ከዕድሜ ጋር ትንሽ ትንሽ ሲቀንስ ቦታውን ውሃው ይይዛል። ለዚህ መለኪያ አለን፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ዊልያም ኢቫንስ ያወጣው። የሁለቱን የፊት ቀንዶች ስፋት በራስ ቅሉ የውስጥ ስፋት እናካፍላለን፤ ከ0.3 ከበለጠ ሰፍቷል እንላለን። ነገር ግን የ80 ዓመት አዛውንት ላይ 0.32 ማግኘትና የ20 ዓመት ወጣት ላይ 0.32 ማግኘት አንድ አይደለም። ቁጥር ብቻውን አይናገርም።

ነፍሰ ጡር እናቶችስ? ፅንሱ ላይ የጓዳው ስፋት ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ10 እስከ 12 ሆኖ ሌላ ጉድለት ከሌለ አብዛኞቹ ልጆች ጤነኛ ሆነው ይወለዳሉ፤ ግን ክትትል ያስፈልጋል። 15 ሲደርስ ነገሩ ሌላ ነው። ልብ በሉ፤ በ9 እና በ11 መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያውን ያስቀመጠችው እጅ ትንሽ ብትዘነብል ያን ያህል ሊለወጥ ይችላል። አንድ ቁጥር ሰምታችሁ ሌሊት አታልቅሱ። ተመልሳችሁ ተለኩ።

ታዲያ ልዩነትን ከበሽታ የሚለየው ምንድን ነው? በአንድ ቃል፣ ጊዜ። ልዩነት እንዳለ ይኖራል። በሽታ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ፊልማችሁን አትጣሉ! ዝናብ በማያገኘው፣ አይጥ በማትደርስበት ቦታ አስቀምጡት። የዛሬ አምስት ዓመት ሌላ ፊልም ብትነሡ ያ አሮጌ ፊልም ከማንኛውም አዲስ ማሽን በላይ ይጠቅመናል። በአሮጌው ላይም የግራው እንዲሁ ሰፍቶ ከነበረ፣ ወደ ቤታችሁ በሰላም ትገባላችሁ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ለእናንተም። ያያችሁትን ጻፉ፤ ግን ትርጉሙን አብራችሁ ጻፉ። «ሰፋ ያለ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ከሆነ «ጤናማ ልዩነት ነው» በሉ። ካልሆነ «አሳስቦኛል፣ በዚህ ጊዜ ይደገም» በሉ። ወረቀቱን የሚያነበው ሐኪም ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ያነበዋል፣ ባጃጅ ነጂ ያነበዋል፣ ሌሊት በኩራዝ አባት ያነበዋል።

ሦስተኛው፣ ባጭሩ። ውሃው መንገድ ሲያጣ፣ ቦይዋ ስትዘጋ፣ ወይም የማጅራት ገትር ጠባሳ መውጫውን ሲደፍነው ጓዳው ይነፋል። ሃይድሮሴፋለስ የምንለው ይህ ነው። ሕፃን ላይ ምልክቱ ይታያል፤ ጭንቅላቱ ከዕድሜው በላይ በፍጥነት ያድጋል፣ እርግብግቢቱ ተወጥሮ ያብጣል፣ ዓይኑ ወደ ታች ይወርዳል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ያበዛል። ሲወለድ የጭንቅላት ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ሜትር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ለኩ፣ ካርዱ ላይ ጻፉ፣ በወሩ ደግማችሁ ለኩ። አዛውንት ላይ ደግሞ አረማመድ ሲከብድ፣ ሽንት ሲያመልጥና መርሳት ሲበዛ፣ ሦስቱ አብረው ሲመጡ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ አንዳንዱ የሚታከም ነው።

ሕክምናው አለ። ውሃውን ወደ ሆድ የሚወስድ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ወይም በሦስተኛው ጓዳ ወለል ላይ በካሜራ እየታየ ትንሽ መውጫ ይበሳል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ ኮሮይድ ፕሌክሰሱን ከመተኮስ ጋር አጣምሮ ለሕፃናት ያስፋፋው ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለ ሐኪም ሲሆን የሠራውም እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ ነው። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ግን ሕክምናውን አታዘግዩ፤ የሕፃን አንጎል ቀጠሮ አይጠብቅም። ልጅ የምታስቡ ሴቶችም ፎሊክ አሲድ ከማርገዛችሁ በፊት ጀምሩ። የፅንሱ ሕብለ ሰረሰር የሚገጥመው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነው፤ ብዙዎቻችሁ ማርገዛችሁን እንኳ ሳታውቁ። ሕብለ ሰረሰራቸው ሳይገጥም የሚወለዱ ብዙ ልጆች የጭንቅላት ውሃም አብሮ ያገኛቸዋል።

ያቺ እናት? ሁሉን አስረዳኋቸው። ጥፋቱ የእኔ እንደነበርም ነገርኳቸው፤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የልጁን ሻሽ ቀስ ብለው ፈቱና አጣጥፈው ጉያቸው ከተቱት። «ታዲያ ኳሱን ይጫወት?» አሉኝ። «ይጫወት፣ እናቴ። ዛሬውኑ ይጫወት።» ልጁ ከእኛ በፊት በሩን ከፍቶ ወጣ።

በሉ አሁን ተነሡ፣ ወደ ጠረጴዛው እንቅረብ። በቀኙ ትሪ ላይ ሰሙ አለ፤ በግራው ከመሐል የተቆረጠ የበሬ አንጎል። ጓንቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ አንድ አንድ ውሰዱ። ልጆች ከፊት ይቁሙ። ክሩም እዚያው ነው፤ ቀንዶቹን ራሳችሁ ለኩና የትኛው እንደሚበልጥ ንገሩኝ።